እትዬ ኡሙሀኒና «ጊዜያዊ» የምትባለው ቃል

ሰው በሚገበያይበት አገር ሁሉ፣ የተጠራለትን ዋጋ እንደ ስድብ የሚቆጥር አንድ ሰው አይጠፋም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ጎረቤቴ ክብርት ወይዘሮ ኡሙሀኒ ናቸው። ሻጭ ዋጋ ሲጠራ መጀመሪያ ሻሻቸውን ያስተካክላሉ። ከዚያ «እሱስ የእንግዳ ዋጋ ነው፤ የጎረቤቱን ንገረኝ» ይላሉ። ሻጩ ከውጫሌም ይምጣ ከጎንደር፣ ለሳቸው ሁሉም ጎረቤት ነው።

ከሐይቁ ዳር ዓሣ ሲገዙ «ጭንቅላቱን አልበላም፤ እሱን ቀንስልኝ» ብለው ያስቀንሳሉ። ከፍለው ሲያበቁ ደግሞ «ጭንቅላቱን ለድመቴ መርቅልኝ» ይላሉ። ድመት የላቸውም። ባጃጅ ሲሳፈሩ «ቁልቁለት እኮ ነው፤ በራሷ ነው የምትወርደው» ይላሉ፤ ዳገቱን ሲመለሱ ደግሞ «ባዶህን ከምትወጣ» ብለው ይገባሉ። የሰፈራችን ዕድር፣ ቅሬው፣ ከቀብር በቀረ ሰው ላይ ቅጣት ሲጥል ብድግ ብለው ጠበቃ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ለራሳቸው ብቻ ቢከራከሩ ኖሮ መጥላቱ በቀለለን ነበር። ግን ሰርግ ያለበት ሁሉ ሰንጋ ሊገዛ ሲሄድ እሳቸውን ከፊት ያስቀድማል። እኔ በበኩሌ ክርክሩ ሲጀመር ፈንጠር ብዬ እቆምና የማላውቃቸው እመስላለሁ።

ባለፈው ዓመት እትዬ ኡሙሀኒ ሽንት ቤት ሲቀመጡ ደም ማየት ጀመሩ። «ኪንታሮት ነው» ብለው ከራሳቸው ጋር ተስማሙ። ልጃቸው ሉብና ግን አልተስማማችም፤ ደሴ ወስዳ አስመረመረቻቸው። የትልቁ አንጀት መጨረሻ፣ ፊንጢጣቸው ላይ ካንሰር ተገኘ። ደግነቱ ሳይስፋፋ ተደርሶበታልና በቀዶ ሕክምና ይወጣል ተባለ። ሐኪሙ ሊያነጋግረን የጠራን ቀን ሉብና እኔንም ይዛኝ ሄደች። «አሻግሬ፣ እማዬ ከተከራከረች አንተ ዳኝልን» አለችኝ።

ሐኪሙ ዶክተር ባድሩ የሚባል ለስላሳ ወጣት ነው፤ የውጫሌ ልጅ።

«የታመመውን ቆርጬ አወጣና ሁለቱን ጫፍ እሰፋቸዋለሁ» አለ። «ስፌቱ ግን በጣም ታች ነው። ሳይድን ሰገራ ሲያልፍበት ሊያፈስ ይችላል። ካፈሰሰ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ ቀጭኑን አንጀት በሆድዎ በኩል አወጣዋለሁ፤ ሰገራው እዚያ በሚለጠፍ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ጊዜያዊ ነው።»

እትዬ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ሉብና መሬት መሬቱን አየች።

«ጊዜያዊ አልክ፣ ልጄ? እኛ ሰፈር ያለው ድልድይ እኔ ሳገባ ጊዜያዊ ተብሎ ነው የተሠራ። ይቺ ተወለደች፣ ተዳረች፣ ወለደች፤ ዛሬም ጊዜያዊ ነው።»

እውነታቸውን ነው። እኛ ዘንድ እንደ ጊዜያዊ ነገር የሚበረክት የለም። ዶክተር ባድሩም አልዋሸም፤ አንጀቱን ወደ ውስጥ መልሶ ከረጢቱን ማንሣቱ አንዳንዴ እንደሚዘገይ፣ ጭራሽ የማይነሣለት ሰውም እንዳለ ነገራቸው።

«እሱስ የእንግዳ ዋጋ ነው። የጎረቤቱን ንገረኝ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሰላቴስ? መውሊድ ላይ በሰው መሀል ቁጭ ብዬ መንዙማ ስሰማ ቢያፈስብኝስ? ያ ረቢ፣ ከሰው ተለይቼ ከምኖር …» አልጨረሱትም። እትዬ ኡሙሀኒ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ሲቀሩ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ዶክተር ባድሩ ወንበሩን ወደሳቸው አስጠጋ። ለሰላቱ ዑዝር ያለበት፣ ማለትም ሕመም ያገደው ሰው የራሱ ድንጋጌ እንዳለው፣ ሼሆቹን ቢጠይቁ እንደሚነግሯቸው አስረዳ። ከዚያ ሌሎቹን መንገዶች አንድ በአንድ ዘረዘረላቸው። ከረጢት ጨርሶ ሳያደርጉ በቅርብ መከታተል አለ፤ ካፈሰሰ ግን በጥድፊያ ዳግም ሆድ ይከፈታል። የውስጡ ግፊት ስፌቱን እንዳይጫነው ለጥቂት ቀን ከታች ቱቦ ማስገባት አለ፤ ያግዛል እንጂ ዋስትና አይሆንም። አንጀቱን ከታች በኩል ስቦ አውጥቶ ለሳምንት ያህል ማቆየትና በሌላ ቀዶ ሕክምና መስፋት አለ።

«ሁለት ጊዜ ልታርደኝ ነው?» አሉ።

«አንድ ሌላም አለ። ቀጭኑን አንጀት በክር ይዤ፣ የክሩን ጫፍ ብቻ ወደ ውጭ አወጣለሁ። ስፌቱ ከዳነ ክሩ ይመዘዛል፤ ማፍሰስ ከጀመረ ደግሞ አንጀቱን በክሩ ስበን ያኔ ከረጢቱን እናደርጋለን። ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም።»

«ይቺ የጎረቤት ናት» አሉ እትዬ። «በክሯ ተስማምተናል።»

«ከፍቼ ሳላይ ቃል አልገባም። ስፌቱ ካላማረኝ ከረጢቱን ነው የማደርገው።»

 «እንግዲህ ዋናው ድርድር እኔ ተኝቼ ነዋ የሚካሄደው» አሉ። «ተኝቼ በምን አፌ እከራከራለሁ?»

በሙስሊም ጎረቤቶቼ ኒካህ ላይ ብዙ ተገኝቻለሁ። ሙሽራዋ እዚያ አትቀመጥም፤ ስለሷ ቃል የሚሰጠው ወኪሏ ነው። እትዬ ጣታቸውን ወደ ሐኪሙ ቀሰሩ።

«አንተ ወኪሌ ነህ። ሐኪሙን ለኔ ብለህ ተከራከረው። ወክዬሃለሁ፤ ተቀበልክ?»

ዶክተር ባድሩ መጀመሪያ ሊስቅ ነበር። ፊታቸውን አይቶ ተወው። «ቀቢልቱ» አለ፤ እንደ ኒካሁ ወግ ተቀብያለሁ ማለቱ ነው። ሻጩን ራሱን የገዢ ወኪል አድርጎ መሾም በዕድሜዬ ካየሁት ተንኮል ሁሉ የላቀ መሰለኝ። ኮሪደሩ ላይ ሉብናን «ወኪሌ አደራዬን ይጠብቃል አይደል?» ሲሏት ስሰማ ግን ተንኮል እንዳልነበረ ገባኝ።

ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ዶክተር ባድሩ ቆቡን በእጁ ጨብጦ ወደኛ ወጣ። «በሽታው ወጥቷል፣ አልሀምዱሊላህ። ስፌቱን በአየር ስፈትነው ግን ትንሽ አረፋ አሳየኝ፤ ያፈሳል ማለት ነው። ደግሜ ሰፋሁት። ሐኪም ብቻ ብሆን በክሯ ለመሞከር ይቃጣኝ ነበር። ወኪል ነኝና አልደፈርኩም። ከረጢቱን አድርጌያለሁ።»

እትዬ ሲነቁ እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ሆዳቸው ሄደ፤ ከረጢቱን አገኘው።  በማግሥቱ ሉብና ሙዝ ገዝታ ስትገባ በስንት ገዛሽው ብለው እንኳን አልጠየቋትም። ያኔ ነው ከልቤ የፈራሁት። ካንሰሩን ስሰማ እንኳን እንደዚያ አልፈራሁም።

ዶክተር ባድሩ ሊጎበኛቸው መጣ። ሆዳቸውን ዳሰሰ፣ ስፌቱ ደህና እንደያዘ ነገራቸው። «ሁሉም ደህና ከሆነ ከመውሊድ በኋላ ከረጢቱን አንሥቼ እዘጋዋለሁ» አለ።

«ከመውሊድ በፊት» አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

በሩ ጋ አጠገቤ የቆመችው ሉብና እጄን ያዘችኝ።

«አይሆንም» አለ ሐኪሙ። «ስፌቱ ጠንክሮ ሳይድን አልነካውም።»

«ወኪሌ አይደለህም እንዴ?»

«ወኪልዎ ስለሆንኩ ነው እምቢ የምለው። ነርሷ አያያዙን ታስተምርዎታለች። መንዙማው ላይ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው እንኳን አያውቅም።»

«ኧረ በአላህ፤ በዋዜማው እንኳን።»

«ከመውሊዱ በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ።»

እትዬ ኡሙሀኒ ዓይናቸውን ገለጡ። እጃቸው ወደ ሻሻቸው ሄደ። «ሰኞ ጠዋት ነው ከሰዓት?» አሉ።

እንባዬ መጣ። እንደ ልማዴ ፈንጠር ብዬ ከቆምኩበት በር ተነሥቼ አልጋቸው አጠገብ ሄድኩና «ጠዋት ያድርጉላቸው እንጂ፣ ዶክተር» አልኩ፤ «የጎረቤት ነው።»