ተለያየን ወይስ ተከፋፈልን?

(ሁለት ወንድማማች አናጺዎች ከአባታቸው የወረሱት ባለ አንድ ክፍል የእንጨት ሥራ ቤት። ታላቅየው በውስጠኛው ጥግ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ተቀምጧል። ታናሽየው ወለሉ ላይ በጠመኔ የተሰመረውን መስመር ተከትሎ ጣውላ እያቆመ ግድግዳ ይመታል።)

ታላቅ፦ "ተለያይተናል" ብለህ ጻፍ ትለኛለህ? ሰው ምን ይለናል?

ታናሽ፦ ተለያይተዋል ይለናላ።

ታላቅ፦ መለየትማ ተደባልቆ ለነበረ ነገር ነው። ሚስማር ከብሎን ይለያል። እኔና አንተ መች ተደባልቀን እናውቃለን?

ታናሽ፦ በአንድ ብርድ ልብስ አድገን?

ታላቅ፦ እሱ መጠጋጋት ነው። ይኸ የደንበኛ ማስታወቂያ ነው፤ ዝም ብሎ አይጻፍም።

ታናሽ፦ እሺ፣ "ተከፋፍለናል" በል።

ታላቅ፦ ጣውላ ስትከፍል ሁለት ግማሽ ይወጣል። እኔ ግማሽ ሰው ነኝ?

ታናሽ፦ (ከከንፈሩ ሚስማር እያወጣ) ኧረ አይደለህም። "ተላቅቀናል"ስ?

ታላቅ፦ እሱ ኮላ ላለው ነገር ነው። አንዱ ሌላው ላይ ተለጥፎ ይኖር ነበር ያሰኛል።

ታናሽ፦ ማን ማን ላይ?

ታላቅ፦ ተወው። "መገንጠል" ይሻላል፤ ጉልበት አለው። ቅርንጫፍ ከግንድ ይገነጠላል።

ታናሽ፦ ግንዱ ማን ነው?

ታላቅ፦ እኔ ነኛ፣ ታላቅህ።

ታናሽ፦ እኔ ደርቄ ልቀር ነዋ። (መዶሻውን ያስቀምጣል) ጋሼ፣ የተጣላነው በአንድ መላጊያ እኮ ነው። ሳላስፈቅድህ ነካሁት፣ አጠፋሁ ብያለሁ። ካንተ መለየቱ ይከፋኛል። ይቅርብን።

ታላቅ፦ አይቀርም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ታናሽ፦ መች ወጣና? ገና ቃሉን እየፈለግክ አይደል?

ታላቅ፦ ምታ፣ አታዘናጋኝ።

(ይመታል።)

ታላቅ፦ "መነጠል" ሆድ ያባባል። "መበተን" ለመንጋ ነው፤ ሁለት ሰው አይበተንም። "መፋታት"...

ታናሽ፦ እሱንማ ባለቤትህ ካነበበችው ሌላ ጣጣ ነው።

ታላቅ፦ ቆይ፣ አገኘሁት። "ድርሻ ድርሻችንን ይዘናል።" ጠብ የለው፣ ግንድ የለው፣ ኮላ የለው።

ታናሽ፦ ያምራል። የመጨረሻዋን ጣውላ ልምታት?

ታላቅ፦ ምታት እንጂ። ቶሎ ድርሻዬን ለይልኝ።

(ይመታታል። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ገጠመ። ታላቅየው ከማዶ ድምፁ ብቻ ይሰማል።)

ታላቅ፦ በል ወረቀቱን በሩ ላይ ልለጥፈው። በሩ የታል?

ታናሽ፦ የኔ ድርሻ ውስጥ።

ታላቅ፦ መስኮቱስ?

ታናሽ፦ እሱም እዚሁ። ለሚያስብ ሰው ጭር ያለው ጥግ ይሻላል ብለህ መስመሩን ያሰመርከው ራስህ ነህ።

ታላቅ፦ (ግድግዳውን እያንኳኳ) እሺ፣ ይህን ግድግዳ አንድ ነገር አድርገው።

ታናሽ፦ ምን ላድርገው? ልብሳው፣ ልሸንቁረው፣ ልንቀለው፣ ወይስ ላፍርሰው?

ታላቅ፦ የፈለግከውን። ብቻ አውጣኝ።

ታናሽ፦ በችኮላማ አይሆንም፣ ጋሼ። ምሳ በልቼ እስክመጣ ተረጋግተህ አስብበት።

ታላቅ፦ ደንበኛ መጥቶ ተለያያችሁ ወይ ቢልህስ?

ታናሽ፦ (ኮፍያውን እያደረገ) ኧረ ወንድሜ የትም አልሄደም እለዋለሁ።