የካፖ ደምሴ ደረት

ጎረቤት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሚስትን ሰው አስጠይቆ ያገባል፤ በሬም ቢሆን ጥርሱ ታይቶ ነው የሚገዛው። ጎረቤትን ግን ማንም አይመርጥም። ጎጆህን ቀልሰህ ዞር ስትል እሱም ቀልሶ ታገኘዋለህ፤ ከዚያ በኋላ ጭሱ ያንተ ነው፣ ልቅሶው ያንተ ነው፣ ከሚስቱ ጋር የሚገጥመው ጭቅጭቅም ያንተው ነው። ይህን ሁሉ ሰው ይችለዋል። እኔም ችዬዋለሁ። የማይቻለው ጎረቤት የተሾመ ዕለት ነው። ይኸው ይህን ያህል ዕድሜ ገፍቼም ነገሩን ሳስታውስ ደሜ ይፈላልና፣ ድምፄ ከፍ ቢልባችሁ ተቆጣ አትበሉኝ። ተቆጥቼ ነው።

ያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ጣልያን ገብቶ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ይሠራል፤ ካሚዮን ባለፈ ቁጥር የሰፋሁት ነጭ ጨርቅ ባለቤቱ ሳይለብሰው ቡኒ ይሆናል። ሰፈራችን ከመንገዱ ተነሥቶ ወደ ሮቢ ወንዝ የሚወርድ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግቶ የሚኖርበት ሰፈር ነበር። በየሳምንቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሼህ ይማም ደጃፍ ካለችው ሾላ ሥር እንሰበሰባለን። ሼህ ይማም የሰፈሩ ሽማግሌ ነበሩ። የምንነጋገረው ደግሞ አገር ስለ ማዳን እንዳይመስላችሁ። የማን ፍየል የማን ማሽላ ገባች? አመዱን እሰው ደጅ የሚደፋው ማነው? ቦዩን የመጥረግ ተራው የማነው? ያለሰዓቱ እየጮኸ ሰው ስለሚያስነሣ አንድ አውራ ዶሮ ብቻ ስንት ዓርብ እንደተከራከርን አላህ ይወቀው። በመጨረሻ ሼህ ይማም «በቃ፣ አውፍ ተባባሉ» ይላሉ፤ ይቅር እንባባላለን። አለቃ የለን፣ ቅጣት የለን፤ ሆኖም ሰፈሩ ይተዳደር ነበር።

ታዲያ ጣልያን፣ ሰው በየሳምንቱ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል ሲባል ደነገጠ። እውነቱን ነው፤ እሱ አገር እንደዚህ ስለ አውራ ዶሮ የሚመክር የለም ይሆናል። አንድ ዓርብ የጣልያኑ ሻምበል፣ ካፒታኖው፣ በቱርጁማን ታጅቦ መጣና በላያችን ቆመ። ቁመቱ ከሾላዋ ቅርንጫፍ ይደርሳል።

«አለቃችሁ ማነው?» አለ በቱርጁማኑ አፍ።

እርስ በርስ ተያየን። በዚያ ዝምታ መካከል ከመንገዱ ዳር የሚኖረው ጎረቤታችን ደምሴ ኡህ ብሎ ሳለ። ሳለ ብቻ። ካፒታኖው ግን ጣቱን ቀሰረበትና «ቤኔ» አለ፤ በጣልያንኛ መልካም ማለት ነው፤ አለቀ። ያ ሳል የጉንፋን ይሁን የሹመት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለደምሴ ቀይ ጥለት ያለው ቆብና ፊሽካ ተሰጠው፤ ስሙም ካፖ፣ ማለት አለቃ፣ ደምሴ ሆነ። ትናንት መቀመጫው የተቀደደ ሱሪውን የጣፍኩለት ሰው በማግስቱ አንቱ በለኝ አለ! አልኩት። ምን ላድርግ? ፊሽካ ይዟል። እሱ ግን በተራው አንቱ ይላቸው የነበሩትን ሁሉ፣ እናቱን የሚያህሉትን እንኳ፣ አንተና አንቺ ማለት ጀመረ። እንግዲህ ቁጣዬ ከዚህ ይጀምራል፤ አያያዙን አይታችሁ ፍረዱኝ።

በመጀመሪያው ዓርብ ፊሽካውን ነፍቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሰፈር ያለ አጥር ሁሉ ከሰው ደረት በላይ እንዳይሆን መንግሥት አዟል! ሽፍታ እንዳይሸሸግበት ነው» አለን። ሽፍታ የሚላቸው አርበኞቹን ነው፤ አንደኛው የገዛ አጎቱ ልጅ ነበር።

ቆላ ያልኖራችሁ ሰዎች ታዲያ አጥር ቢያጥር ምን አለበት ትሉ ይሆናል። እኛ ዘንድ አጥር ለጌጥ አይታጠርም። ፀሐይ ስትጠልቅ ከወንዙ ዳር ጅብ ይወጣል፤ ከከብታችንና ከጅቡ መካከል ያለው ከሰው ቁመት አልፎ የተከመረ የግራር እሾህ ብቻ ነው። ጅቡም ይህንን ያውቃል፤ በየምሽቱ እየዞረ አጥራችንን እንደ ገዢ ይመለከታል።

ሼህ ይማም ብልህ ሰው ናቸው፤ «ደረት ስትል የማን ደረት?» ሲሉ ጠየቁ።

ደምሴ ይህን አላሰበበትም ነበር። ትንሽ ተወዛገበና ደረቱን ነፍቶ «የኔ!» አለ።

ወገኖቼ፣ ደምሴን አላያችሁትም። እንዲያው እግዜርን መንቀፍ እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ቆሞ ይሁን ተቀምጦ ሰው የሚለየው በቆቡ ነበር። ከዚያች ደረት ልክ ዱላ ቆረጠና በየግቢው እየዞረ አጥር መለካት ጀመረ። ያ ዱላ እኔ አጠገብ ሲቆም እምብርቴ ላይ ይቀራል። ጅብ አጠገብ ሲቆም የት እንደሚቀር እናንተው ገምቱት። የራሱ አጥር ግን፣ የቁልቋልና የእሾህ ድርብ የሆነው፣ እንደ ተራራ ቆሞ ቀረ። ለምን ሲባል ግቢው የመንግሥት ዕቃ አለበት አለ። የመንግሥት ዕቃ ያለው ሁለት አካፋና አንድ ግማሽ በርሜል ኖራ ነው።

ሁላችንም እያጉረመረምን ቆረጥን። እንቢ ያሉት እትዬ ዘሀራ ብቻ ናቸው። ከሰፈሩ ግርጌ፣ ከወንዙ አፋፍ የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ በአንዲት አህያ አሊዩ አምባ ገበያ ድረስ ጨውና በርበሬ እያመላለሱ ይኖራሉ። ደምሴ ገጀራ ይዞ ራሱ ሄደባቸው።

«አንቺ፣ አዋጅ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፤ ጅቡ ግን አልሰማም። በዚህ በኩል የሚመጣብኝ እሱ ነው» አሉት።

አጥራቸውን በገዛ እጁ ቆረጠው። እኔ ቆሜ አየሁ። ያየነው ብዙ ነበርን።

ሳምንት ሳይሞላ በማለዳ ከወንዙ አፋፍ ጩኸት ተሰማ። ሮጠን ብንደርስ ከአህያዋ የቀረው ሰኮናዋና ጭራዋ ነው። እትዬ ዘሀራ አያለቅሱም፤ ኮርቻውን ታቅፈው መሬት ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ከበዋቸው ሳለ ደምሴ ቆቡን ደፍቶ መጣ። ነፍስ ይማር ሊል ነው፣ ቢያንስ አንገቱን ሊደፋ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«አህያሽን ለምን አልጠበቅሽም?» አላቸው።

እንዲህ ነው ያላቸው! ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። አጥሩን የቆረጠ ገጀራ ገና ወገቡ ላይ ነበር።

በዚያው ቀን ፀሐይዋ በስተምዕራብ ወዳለው አምባ ስታዘቀዝቅ ከመንገዱ ሁለተኛ፣ ከደምሴ ቀጥሎ በሆነው ደጄ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ፣ እትዬ ዘሀራ ፍየሎቻቸውን እየነዱ፣ ዶሯቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ሽቅብ ሲመጡ አየሁ። ቀጥታ ደምሴ ግቢ ገቡ። መርፌዬን ሰክቼ ተከተልኩ።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ደምሴ።

«ፍየሎቼ ናቸው።»

«እሱንማ አየሁ! እዚህ ምን ሊሠሩ ነው?»

«ሊያድሩ። በዚህ ሰፈር ጅብ የማይዘለው አጥር የርስዎ ብቻ ነው፣ ካፖ። ለምን አልጠበቅሽም ብለውኝ የለ? ይኸው ልጠብቅ መጣሁ» አሉና ቁጭ አሉ።

ደምሴ ፊሽካውን ወደ አፉ ወሰደ። ከዚያ ማንን እንደሚጠራበት ጠፋውና መለሰው። እሱ ይህን ሲያስብ ሼህ ይማም ጥጃቸውን ይዘው ከተፍ አሉ፤ «እንደምን አመሸህ ካፖ፣ እኛም ሕግ አክባሪዎች ነን» ብለው አሰሩት። ባለቤቴ አስካለ በጎቻችንን ይዛ መጣች፤ እኔ ሳልላት፣ ሳላስበውም። ከዚያማ ሰፈሩ በሙሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። በግ፣ ፍየል፣ ውርንጭላ፣ ያ ያለሰዓቱ የሚጮኸው አውራ ዶሮ ሳይቀር። ማንም ድምፁን አላነሣም፤ እያንዳንዱ እጅ እየነሣ ያስገባል፣ እየመረቀ ይወጣል። ጠዋት መጥተን እንወስዳለን፣ ማታ እንመልሳለን። ደግሞ እናመሰግናለን።

የደምሴ ሚስት የሺ ጥሩ ሴት ነበረች። መጀመሪያ ሳቀች። ሽንኩርቷ ሲበላ ሳቋን ተወች። የፓፓያዋ ችግኝ ሲነቀል ግን ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች። «ስማ ደምሴ፣ ወይ ይህን ጉድ አስወጣ፣ ወይ እኔ ጀውሃ ወንድሜ ቤት እሄዳለሁ፤ ከፍየሎቹ ጋር ካፖ ሆነህ ትኖራለህ!» ስትለው ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። በዚያው ሰሞን አንድ ወጠጤ የቆቡን ቀይ ጥለት በላው። የማን እንደሆነ አልናገርም።

ደምሴ «አመፁብኝ» ብሎ ሊከሰን ወደ ካፒታኖው ሄደ። ሄደ ብቻ ሳይሆን ገስግሶ ሄደ፤ ሲመለስ ግን እግሩን እየጎተተ ነበር። ዓርብ ፊሽካ ሳይነፋ ከሾላዋ ሥር ቆመና፣ «ወገኖቼ፣ ስለ እናንተ ወድቄ ለምኜ፣ አጥራችሁን እንደ ጥንቱ እንድታጥሩ መንግሥት ፈቅዷል» አለን።

ሰዉም መረቀው! አሜን አሜን ተባለ! እኔ መቀመጥ አቃተኝና ተነሣሁ።

«የእትዬ ዘሀራ አህያስ?» አልኩ።

ደምሴ አሰብ አደረገና፣ «እሷማ ለሰላም ተሠውታለች» አለ።

ልብሴን ጎትተው አስቀመጡኝ እንጂ የዚያን ዕለት ሰው እሆን ነበር።

እውነቱ የወጣው በኋላ ነው፤ ቱርጁማኑ የኮቱን ቁልፍ ሊያስተክል እኔ ዘንድ መጥቶ እየሳቀ ነገረኝ። ካፒታኖው መጀመሪያውኑ ያዘዘው ከመኪና መንገዱ ጋር የሚዋሰነው አጥር እንዲያጥር ብቻ ነበር። ከመንገዱ ጋር የሚዋሰን ግቢ ደግሞ በሰፈራችን አንድ ነው፤ የደምሴ። አያችሁልኝ? ሰፈሩን ሁሉ እርቃኑን ያስቀረው ታዞ አይደለም፤ መቆረጥ የነበረበትን የራሱን አጥር ሊያተርፍ ነው! ካፒታኖው ይህን ሲሰማ ጮኸበትና አሁኑኑ የራስህን ቁረጥ አለው። እስከ ምን ልክ ትሉኝ እንደሆነ፣ ደምሴ ያን መለኪያ ዱላውን ይዞ ነበር የሄደው። ካፒታኖው ዱላውን ተቀብሎ አየና፣ እስከዚህ አለ።

ስለዚህ እኛ እሾሃችንን ስንከምር ደምሴ ቁልቋሉን ይቆርጥ ነበር። የእትዬ ዘሀራን አጥር ሰፈሩ ተረባርቦ ከሁሉም አስበልጦ አጠረላቸው። ሥራው ባለቀበት ምሽት ደምሴ አንዲት ላሙን እየጎተተ፣ ያለ ቆብ፣ ወደ ወንዙ ሲወርድ አየሁት። ደስታዬን አልደብቃችሁም፤ ልስማ ብዬ ወረድኩ።

«እትዬ ዘሀራ፣ እባክዎን» አለ ከደጅ ቆሞ፤ «ላሚቱ እርስዎ ዘንድ ትደርልኝ።»

ሴትዮዋ እሱንም ላሚቱንም አዩ። ከዚያ የደጁን እሾህ ሳብ አድርገው «አስገባት» አሉ።

እኔ ጦፍኩ። «እትዬ፣ ለአህያዎ ማን አዘነላት?»

«ላሚቱ ምን አደረገች? ይልቅ አንተ ልብስህን ስፋ» አሉኝ።

አስገቧት። የምታድረው እሳቸው ግቢ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት የሚያልቧትም እሳቸው ነበሩ፤ ደምሴ ስለ ወተቱ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። የዚያን ወተት ቅቤ ሸጠው ሌላ አህያ ገዙ።

ጣልያን ወጣ። ከአዲሱ መንግሥት የመጣ ሰው ከሾላዋ ሥር ሰብስቦን ሹማችሁን ምረጡ አለን። አንዱ ብድግ ብሎ «ደምሴ ልምድ አለው» አይል መሰላችሁ! ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ገጀራውን፣ ዱላውን፣ አህያዋን፣ ሁሉንም ዘረዘርኩት። ደምሴ መሬት መሬት ያያል። ረታሁ አልኩ።

ይሄኔ እትዬ ዘሀራ ከሴቶቹ መሐል ድምፃቸውን አሰሙ፤ «ልጄ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ይሄን ሰው ግን አስተምረነዋል። አሁን አዲስ ብናመጣ እንደገና ከሀ ሁ ልንጀምር ነው?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ደምሴም ተመረጠ። እኔ እጄን አላወጣሁም። ከዚያ በኋላም በሹመት ዘመኑ ሁሉ የማንንም አጥር ቀና ብሎ አላየም። ሴትዮዋ ልክ ነበሩ። ይበልጥ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።