የዶክተር ነገራ ሹመት

አስተማሪ ሲሾም ከማስተማር እንደሚሻር አስተውላችኋል? እኔ ያስተዋልኩት በድሮ የኢኮኖሚክስ አስተማሪዬ፣ በዶክተር ነገራ ነው። ከረዳት መምህርነት ተነስተው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ዲን ሆኑ፤ ከዚያ ወዲህ ጠመኔ ጨብጠው አያውቁም። ስብሰባ ይመራሉ፤ ስለሚቀጥለው ስብሰባም ይሰበሰባሉ። እድገት ይሉታል!

ባለፈው ቅዳሜ ጌጃ ሰፈር፣ ከወይዘሮ ዘይነባ ሱቅ በር ላይ ሽንኩርት ሲገዙ አገኘኋቸው።

«ዶክተር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይኼ ሽንኩርት ለምንድን ነው እንዲህ የሚወደደው?» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ፣ ለጨዋታ ያህል።

የዶክተር ፊት በራ። ከሰል አንስተው በቆርቆሮው በር ላይ ሁለት የሚተላለፉ መስመሮች፣ የፍላጎትና የአቅርቦት፣ አሰመሩና ማስረዳት ጀመሩ። ታክሲ ጠባቂው ሁሉ ከበባቸው። ስልካቸው ደጋግሞ ጮኸ፤ አላነሱትም። ወይዘሮ ዘይነባም በራቸው ሲጠቁር እያዩ ሽንኩርታቸውን መመዘን ቀጠሉ።

ዶክተር ሲጨርሱ «ጥያቄ ያለው?» አሉ።

ታክሲ መጣና ሰው ሁሉ ተበተነ። እሳቸው ግን ከሰሉን እንደያዙ ቆመው ጠበቁ።

እጄን አወጣሁ።

«ዶክተር፣ እኔ አልገባኝም። እንደገና ቢያስረዱኝ?»

«ጎሽ! ከየት ልጀምርልህ?» ብለው ወደ በሩ ዞሩ።

በደንብ ገብቶኝ ነበር እኮ። ግን እንዲህ ሲያስተምሩ ካየኋቸው ስንት ዘመኔ!