ኦርቪል ፕሩት የሽጉጥ ሣጥን ሊመርጡ የዘመቱበት ዜና

ንጽሐፍ እንከ ዜና ገድሉ ለኦርቪል፤ የጡብ ደርዳሪዎች አለቃ፣ የደቡብ ኦሃዮ አንበሳ፣ የሚንጋለለው ወንበር ባለሙሉ ሥልጣን የሆኑት ኦርቪል ፕሩት፣ በጡረታቸው ዘመን በአራተኛው ዓመት፣ ቀኝ ጉልበታቸው በብረት በተተካ በሁለተኛው፣ ራኩን የሚባለው አውሬ ጋራዣቸውን ሰብሮ የውሻቸውን ምግብ በዘረፈ በስድስተኛው ወር የሠሩትን ሥራ እንጽፋለን። ይህን የሚጽፈው ጎረቤታቸው ነውና ያየውን እንጂ የሰማውን አይጽፍም፤ የሰማውን የጻፈ እንደሆነም ባለቤታቸው ግሌንዳ በአጥር ላይ ነግረውት ነው።

ጌታችን ኦርቪል በራስጌያቸው ባለው ኮመዲኖ መሳቢያ፣ በካልሲዎቻቸው መካከል፣ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ለዘጠኝ ዓመት አኑረው ነበር። ይህም ሽጉጥ በዘመነ መንግሥታቸው ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተተኮሰ፤ በእባብ ላይ ተተኩሶ፣ እባቡን ስቶ፣ የሣር ማጨጃውን መኪና አቆሰለ፤ እባቡም በደኅና ወደ አገሩ ገባ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር ጠላት አልታየም። ቢሆንም ኦርቪል ጠላት እንደሚመጣ በፍጹም ልባቸው ያምኑ ነበር፤ ሲቀርም ቅር ይላቸው ነበር።

ቤተ ዘመድ ሁሉ በአንድ ማዕድ የሚሰበሰብበት የምስጋና በዓል አምስት ሳምንት ሲቀረው፣ በትልቁ ከተማ በሕፃናት ሆስፒታል ነርስ የሆነችው ልጃቸው ሼልቢ በስልክ አዋጅ አስነገረች፤ ስልኩም ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ነበርና ቤቱ ሁሉ ሰማ። «አባዬ፣ ስማኝ! ማርጎ አራት ዓመቷ ነው። ያልበረበረችው መሳቢያ የለም፤ የኔን ቦርሳ እንኳን በቀን ሦስቴ ነው የምታራግፈው። ያ ሽጉጥ ካልተቆለፈበት አንመጣም፣ አበቃ። ሥራ ቦታ ምን ምን እንደማይ አታስወራኝ። አምናም የቀረነው መንገዱ በረዶ ሆኖ አይደለም፤ በሱ ነው፤ አሁን ነገርኩህ!»

ይህን በሰሙ ጊዜ ነገሩ አጥንታቸው ድረስ ዘለቀ። የልጅ ልጃቸው አንድም ሌሊት በቤታቸው አድራ አታውቅም፤ በትርፉ ክፍል በገዛ እጃቸው የሠሩላት ትንሽ አልጋ ሁለት ዓመት ሙሉ የገና መብራትና የተሰበረ ማራገቢያ ተሸክሞ ቆሟል። ይናፍቋታል፤ ይህን ጸሐፊው በሹፈት አይጽፍም። ነገር ግን አንድ ሣጥን ገዝቶ አንድ ክዳን መዝጋት በሚበቃበት ነገር፣ ኦርቪል ጦርነት አወጁ።

ወእምዝ በዶናት ቤት ምክር ቤት ጠሩ፤ በዚያም በየማለዳው የሚቀመጡ ሁለት መካሮች ነበሩ፤ አንደኛው የመኪና ባትሪ ሲሸጥ የኖረ ዌንደል፣ ሁለተኛው የአንድ የገበያ አዳራሽ ዘበኛ የነበረ ራስል ነው። ዌንደልም ከንፈሩን ስኳር እንደ ሸፈነው እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ኦርቪል ወንድሜ፣ ሌባ እኮ አንተ ቁልፍ እስክታገኝ ወንበር ስቦ አይጠብቅህም! ነገሩ ሰከንድ ነው፣ ሰከንድ!» ራስልም ጠረጴዛውን መትቶ፣ «ከሁለት ሰከንድ በላይ የሚፈጅ ከሆነ እዛው ጥለኸው ውጣ! እኔ ዘብ ስቆም ያየሁትን ብታይ!» ብሎ አጸና። ራስል ዘብ ሲቆም ያየው የጠፉ ጓንቶችን ነው፤ ዌንደልም በዕድሜው ሙሉ የተሰረቀው ነገር ቢኖር አንድ ጃንጥላ ነው። ሆኖም በዚያች ሰዓት ሕፃን የማይከፍተው የሚለው ነገር ከዙፋኑ ወርዶ፣ በቶሎ የሚከፈት የሚለው ነገሠ፤ ኦርቪልም ሦስተኛ ዶናት አዝዘው ተስማሙ።

በቅዳሜም ዕለት በፒካፓቸው ተነስተው ወደ አደን ዕቃ መደብር ዘመቱ። ያጀቧቸውም እነዚህ ናቸው፤ በቀኝ ዌንደል፣ በኋላ ራስል፣ በራስል ጭን ላይ የተኛው ውሻ ቢስኪት፣ ደርዘን ዶናት፣ መለኪያ ሜትር፣ ግሌንዳ ሳያውቁ ከወጥ ቤት የወጣ የምድጃ ሰዓት። ከድንኳኖችና ከዓሣ መንጠቆዎች ማዶ፣ የሽጉጥ ሣጥን በሚሸጥበት መደርደሪያ ፊት ሰፈሩ፤ ሻጯ ዴዝሬ የምትባል ሴት በትዕግሥት ተቀበለቻቸው።

የመጀመሪያው ሣጥን ቁጥር የሚጫንበት ነበር። ኦርቪል ግን መነጽራቸውን ፒካፑ ውስጥ ትተው ነበርና በግምት ተጫኑ፤ ሦስት ጊዜ ተሳሳቱ፤ ሣጥኑም ጮኸና ለአምስት ደቂቃ ማንንም አላስገባም አለ። እርሳቸውም ይህ ከጠላት ጋር የተማማለ ነው ብለው ፈረዱበት፤ ዌንደልም ፍርዱን በጭብጨባ አጸደቀ።

ሁለተኛው የጣት አሻራ የሚያውቅ ነበር። ኦርቪል አውራ ጣታቸውን አኖሩ፤ ሣጥኑ ቀይ መብራት አበራ። ሌባ ጣታቸውን አኖሩ፤ ቀይ። አሥሩም ጣቶች በየተራ ቀረቡ፤ አሥሩም ተባረሩ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ኖራና ሲሚንቶ የግማሹን አውራጃ ጭስ ማውጫ የገነቡትን ጣቶች እንደ ብርጭቆ አለስልሷቸው ነበርና። ዴዝሬም እንዲህ ስትል አወጀች፦ «አይዞዎት ጋሼ፣ ግንበኞች ሁሉ እንደዚህ ነው የሚሆኑት። ማሽኑ ሰው መሆንዎን አላመነም እንጂ እኛ አምነናል!» ጌታችን እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ጸሐፊው ይህን ሲሰማ አዘነላቸው፤ እኒህን የመሰለ እጅ ያለው ሰው ግን ዕድሜውን ሌባ ሲጠብቅ መፍጀቱ አሁንም ይገርመዋል።

ሦስተኛው ባትሪ የሌለው፣ አራት ጣቶች የሚያርፉበት አራት ቁልፎች ያሉት ነበር፤ በተርታቸው ሲጫኗቸው ክዳኑ ብድግ ይላል። የምድጃው ሰዓት አንዲት ሰከንድ ሳይቆጥር ሣጥኑ ተከፈተ፤ ራስልም በደስታ የቢስኪትን ጆሮ ሳመ። ዴዝሬ ግን፣ «ዋናው እሱ አይደለም! ዋናው ሽጉጡን ባዶ አድርጎ ውስጥ ማስገባት፣ አብሮት በሚመጣው የብረት ገመድ ከአልጋው ብረት ጋር ማሰር፣ ከፋብሪካ የመጣበትን የመክፈቻ ቁጥር መቀየር! ሦስት ነገር ነው የምላችሁ!» ስትል አወጀች። እነርሱ ግን እንደገና ሰዓት ይይዙ ነበርና ሦስቱም ነገሮች ከንቱ ሆነው መሬት ወደቁ።

ከዚያ በኋላ ኦርቪል ሦስተኛውን ሣጥን ገዝተው ለዘጠኝ ቀን በየዕለቱ ሠለጠኑ። ከወንበራቸው እየተነሡ ወደ ራስጌያቸው ይዘምታሉ፤ ሣጥኑን ይከፍታሉ፤ ይዘጋሉ፤ ይመለሳሉ። ግሌንዳም የጠፋውን የምድጃ ሰዓታቸውን አግኝተው ቆጠሩላቸው፤ ከወንበሩ ለመነሣት፣ ጉልበቱን ለማፍታታት፣ ኮሪደሩን ለማቋረጥ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ፤ ሣጥኑን ለመክፈት ከአንድ ሰከንድ በታች። ከዚያም ግሌንዳ በወጥ ቤቱ በር ቆመው አወጁ፦ «አንተ ሰውዬ፣ አንተ እስክትደርስ ሌባው ሰሃኑን አጥቦልኝ ይሄዳል! እኔም አልከለክለውም!» ኦርቪል ይህን እንደ ምርቃት ቆጥረው ሥልጠናቸውን ቀጠሉ።

የምስጋና በዓል ደረሰ፤ ተርኪ የሚባለው ትልቅ ዶሮም ምድጃ ገባ። ሼልቢ ከማርጎ ጋር መጣች፤ ልጅቷን ከበሩ አጠገብ ከነካፖርቷ አቁማ፣ ሣጥኑን ካላየሁ አንቀመጥም አለች። ኦርቪል በክብር ፊት ፊት እየሄዱ ወደ መኝታ ቤቱ መሯት፤ አራቱን ጣቶች አኖሩ፤ ክዳኑ ብድግ አለ። በሣጥኑም ውስጥ ከነላስቲኩ ያልተከፈተ የመመሪያ መጽሐፍ ነበረ፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ባዶውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ከርመው፣ ሽጉጡን ወደ ውስጥ ማስገባት ረስተው ነበር።

ሼልቢ ኮመዲኖውን ከፈተች፤ ካልሲውን ገለጥ አደረገች፤ ዘጋችው። ድምፅዋንም አላነሣችም። «ማርጎ፣ ካፖርትሽን እንዳታወልቂ። እንሄዳለን!» ብላ ብቻ አወጀች።

ያን ጊዜ ኦርቪል አዛውንት መሰሉ። ግሌንዳ ግን የገበሬ ልጅ ናቸውና ሽጉጡን አንሥተው ጥይቱን አወጡ፤ መመሪያውን ከላስቲኩ ፈልቅቀው ቆመው አነበቡ፤ ሣጥኑን በገመዱ ከአልጋው ብረት ጋር አሰሩ፤ ሽጉጡን አስገቡ። አዲሱን ቁጥር ሊሞሉም እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ኦርቪል ማንም ሳይጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ የመጨረሻውንም አዋጅ ለግድግዳው አወጁ፦ «ግሌንዳ፣ ለኔ እንዳትነግሪኝ። ሌባ ከመጣ ቲቪውን ይውሰድ። ሼልቢ፣ ልጄ፣ በእናትሽ ሞት፣ ካፖርቷን አውልቂላት!»

ሼልቢ አባቷን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ በሩ ተመልሳ፣ ተንበርክካ የልጅቷን ካፖርት ቁልፎች ፈታች። ማርጎም ትንሹ አልጋ ላይ አደረች።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ፣ የአያቶቿ መኝታ ቤት ገብታ፣ መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ጎተተችው። ገና ሳይነቁ እላያቸው ላይ ወጥታ፣ የአያቷን ካልሲዎች እስከ ክርኗ ድረስ አጥልቃ፣ «አያቴ ተነሥ! ፓንኬክ! ሁላችሁም ተነሡ!» ስትል አወጀች። ኦርቪል ካልሲዎቹን አዩ፤ ክፍቱን መሳቢያ አዩ፤ ልጅቷንም አቅፈው፣ እስክትጮህባቸው ድረስ አለቀቋትም።

ስለዚህ ክብር ለኦርቪል ይሁን፤ ጡብ ደርዳሪው፣ የዶናት ቤቱ ዓምድ፣ ከሰከንድ በታች መክፈትን በብዙ ድካም ተምረው፣ አለመክፈትን ግን በአንዲት ሰዓት ለመረጡት ጀግና። ዘመናቸው ይርዘም፤ መሳቢያቸውም በካልሲ ብቻ ይሙላ።