ሐጂ ሰይድ ያልላኩት ይቅርታ

ስልካችሁ «ቦታ የለኝም» ሲላችሁ መጀመሪያ የምትሰርዙት ምንድን ነው? የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «የማይረባውን» ይለኛል። የማይረባው የትኛው እንደሆነ ግን ማንም አይነግረኝም። እኔም፣ የሰው ፋይል እስከ መቼ ይቀመጥ፣ መቼ ይጣል፣ ምን ያህል ቦታ ይፈጃል እያልኩ ሳሰላ የምውለው ሰውዬ፣ አላውቀውም። አላውቀውም ለማለት እንኳ የደፈርኩት በቅርቡ ነው። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ መሀል ከተዋረድኩ በኋላ።

ሐጂ ሰይድ የጎንደር ሰው ናቸው፤ በርበሬ፣ ሽሮና የሰሊጥ ዘይት ይሸጣሉ። ካርቱም የነበረው ሱቃቸው በጦርነቱ ተዘረፈ። ኮምፒውተሩም በውስጡ የነበረውን ሁሉ ይዞ አብሮ ሄደ። ገዳሪፍ መጥተው እንደገና ከባዶ ጀመሩ። እኔም ከዚያው ከካርቱም የሸሸሁ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ። አዲሱን ኮምፒውተር ስገጥምላቸው አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ።

«ወላሂ፣ ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዳይጠፋብኝ!»

እንዲህ የሚለኝ ሰው ሳገኝ ደስታዬን አልችለውም። ዕቅድ አወጣሁ። በየቀኑ አንድ ቅጂ ይወሰዳል፤ የቀኑ ለሳምንት፣ የሳምንቱ ለወር፣ የወሩ ለዓመት ይቀመጣል። አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይሰረዛል። ሐጂ ስልካቸውን ቻርጅ ለማድረግ ኮምፒውተሩ ላይ በሰኩት ቁጥርም፣ ያለው ሁሉ እንዲገለበጥ አደረግኩ። ከዚያ ቦታውን ገመትኩ። የአንድ በርበሬ ነጋዴ ፋይል ምን ሊሆን ነው? የዕቃ ፎቶ፣ የሽያጭ ሂሳብ፤ ሌላ ምን አለ? «ይቺ ዲስክ ለዓመታት ትበቃዎታለች» አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ።

ወር ሳይሞላ ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ ሞላሁ ይለኛል እኮ!»

አፈርኩ። ይሄኛው እንኳ ቀላሉ ነው፤ ሂሳብ ይሳሳታል። እየከነፍኩ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር። ከፋሽጋ የሰሊጥ አጨዳ የተመለሱ ወጣቶች ሽሮ ይገዛሉ፤ ሴቶች በርበሬውን እያሸተቱ ያማርጣሉ። በሩ ላይ የተሰቀለው ትልቅ ስፒከር «በርበሬ! ሸጣ! በርበሬ!» እያለ በአማርኛና በዐረብኛ በርበሬውን ይለፍፋል። ድምፁ የሚመጣው ከኮምፒውተሩ ነው። ማስታወቂያውን አቆምኩና ቦታውን ምን እንደበላው ፍለጋ ገባሁ። ትልልቅ ቪዲዮዎች አገኘሁ፤ ብዙ ናቸው፤ በየቀኑ ቅጂ ውስጥ ደግሞ እንደገና አሉ። ምንድን ናቸው ብዬ ሐጂን ልጠይቅ እችል ነበር። እዚያው ሚዛኑ ጋ ቆመዋል። ግን ባለሙያ ነኝ አይደል? ባለሙያ ይጠይቃል እንዴ? አንዱን ከፈትኩት።

ስፒከሩን ግን አልነቀልኩትም።

«ዘሃራዬ» አለ የሐጂ ድምፅ በገበያው ሁሉ ላይ። «በሰው ፊት ‹አንቺ ነሽ ያከሰርሽኝ› ያልኩሽ ቀን ምላሴ ተቆርጦ በነበረ። ዕቃው ይቅር፣ ነፍሳችንን እናድን ያልሽው አንቺ ነሽ። ይኸው ነፍሴ ተረፈች። ያለ አንቺ ግን ምን ላድርጋት?»

ልዘጋው ብል ሌላ ቁልፍ ነካሁና ጭራሽ ምስሉ መላውን ስክሪን ሞላው። ሐጂ ጥምጣማቸውን ፈተው፣ እንባቸው በጢማቸው ላይ ሲወርድ ታዩ። ገመዱን ነቅዬ ስጥለው ገበያተኛው ሁሉ ወደ እኛ ዞሯል። አንዲት ሴት «ውይ፣ እኔን!» ስትል ተሰማኝ።

ሚስታቸው እትዬ ዘሃራ ከዚያ ስድብ በኋላ ሀዋታ ከተማ እህታቸው ጋ መሄዳቸውን ገዳሪፍ ያለ አበሻ ሁሉ ያውቃል። ማንም ያላወቀው፣ ሐጂ ብቻቸውን ሲሆኑ ስልካቸውን ፊታቸው አቁመው ይቅርታ ሲለማመዱ እንደነበር ነው። ይቀርፃሉ፤ አላምር ይላቸዋል፤ እንደገና ይቀርፃሉ። አንዱንም አልላኩም። የኔ ዕቅድ ግን አንዱንም ሳይገለብጥ አላለፈም።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «ሂድ ልጄ» አሉኝ ብቻ፣ የተመዘነውን ሽሮ እንደገና እየመዘኑ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሱቅ በኩል ላለማለፍ ገበያውን በሙሉ እየዞርኩ ነበር የምሄደው። ያ ሰው ምንም እንዳይጠፋበት ለመነኝ እንጂ ምንም እንዳይደበቅለት አልለመነኝም።

ወሬው ሀዋታ ለመድረስ አውቶቡስ አልጠበቀም። አንድ ጠዋት ሐጂ ደወሉና «ና፣ ያንን ነገር አጥፋልኝ» አሉኝ። ብሄድ እትዬ ዘሃራ ቶባቸውን፣ ያንን ረጅም የሱዳን ነጠላ፣ ተከናንበው የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል።

«አንተ ነህ ሰውዬውን ገበያ ላይ ያሰጣኸው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ መሬት መሬቱን እያየሁ።

«ያ ሰዉ የሰማው ብቻ ነው ያለው?»

«ኧረ ብዙ ነው! እንዲያውም የመጀመሪያዎቹ ላይ ጥፋቱን በእናትዎ ነው የሚያሳብቡት።»

ሐጂ አሳላቸው። እኔ ደግሞ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ማን ጠየቀኝ? እትዬ ዘሃራ ባላቸውን ገላመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«አጥፋው። የመጀመሪያውንም፣ የመጨረሻውንም። ይቅርታው ለኔ ከሆነ በገዛ አፉ ይንገረኝ።»

ከስልኩ፣ ከኮምፒውተሩ፣ ከዲስኩ አጠፋሁ። የዕለቱን፣ የሳምንቱን፣ የወሩን። ከሀፍረቴ ብዛት በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። «ምንም አልቀረም» አልኳቸው።

«በል እሺ» አሉ እትዬ ዘሃራ ወደ ባላቸው ዞረው።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። «ዘሃራዬ...» አሉና ቆሙ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፦

«ልጄ፣ ለክፉ ቀን ያስቀረሃት አንዲት ቅጂ የለችም?»

አልነበረችም። ራሴን ነቀነቅኩ። ሐጂ ወደ ሚስታቸው ዞሩ፤ አማራጭም አልነበራቸውም።

«ይቅር በይኝ» አሉ።

እትዬ ዘሃራ ሳቃቸውን በቶባቸው ጫፍ አፈኑት።

«ይቺን ለማለት ነው ዲስክ ያስሞላኸው?» አሉና መስፈሪያውን ከባላቸው እጅ ቀምተው፣ ቆሞ ወደሚጠብቀው ገዢ ዞሩ።