አማቴ ላስቲክ አይልጡም

አዲስ ዕቃ ገዝቶ ላስቲኩን ሳይልጥ የሚያረጅ ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ ሄዳችሁ ሶፋችሁ ላይ ተቀመጡ፤ ከተንኮሻኮሸ አለ። የእኛን ቤት ድርሻ የያዙት አማቴ ናቸው። በልቤ ክብርት የላስቲክ ሚኒስትር እላቸዋለሁ። በአፌ ግን «እማማ» ነው የምለው፤ ሞኝ አይደለሁማ።

የክብርት ሚኒስትሯ መመሪያ አጭር ነው፤ «ለቁም ነገር ይቀመጥ» ይላሉ። ቁም ነገር የተባለው እንግዳ መቼ እንደሚመጣ የነገሩን ግን የለም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ከነላስቲኩ ስለሆነ ዜና ብለን ስንጫን ኳስ ይመጣል። በሠርጋችን ጊዜ የተሰጡን ብርጭቆዎች እሳቸው ዘንድ በአደራ ተቀምጠው፣ እኛ ዛሬም ጠርዙ በተሸረፈ ኩባያ እንጠጣለን። አንድ ቀን ዝናብ ወርዶባቸው ከእግር እስከ ራሳቸው በስብሰው መጡ፤ አዲሱ ጃንጥላ ብብታቸው ሥር ነው። «ምነው እማማ፣ ቢዘረጉት?» ብላቸው፣ «በዚህ ዝናብ? ይበላሻል እንጂ» አሉኝ። መነጽር የገዙ ጊዜማ መስታወቱ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አላነሣም ብለው፣ ስንት ወር ሙሉ ሰውን አንገታቸውን ጠምዝዘው ሰላም ሲሉ ከረሙ።

ለእኔም ያው ናቸው። ልጃቸውን ልጠይቅ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ «ይቆይ እስቲ፣ ምን ያስቸኩለዋል?» ነበር መልሳቸው። ሥራዬ ጋዜጣ ላይ መጻፍ እንደሆነ ሲሰሙ ደግሞ «ወሬ ነው የሚሸጠው?» ብለው ልጃቸውን ጠየቋት። ከዚያ ወዲህ እኔ ስለ አማት የሚወራውን ሁሉ አብሬ አወራለሁ፤ እሳቸውም ስለ አማች የሚባለውን አያስቀሩም።

ልጃቸው፣ ማለትም ባለቤቴ፣ መሐንዲስ ናት። እንደ ሰዓት እጅ ላይ ታስሮ የልብ ምት የሚቆጥር መሣሪያ ከሚሠሩ ሰዎች አንዷ ነች። የእሷ ድርሻ መሣሪያው የሰው ገላ መንካት አለመንካቱን እንዲለይ ማድረግ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ከሥሩ ብርሃን አለው፤ በብርሃኑ ከቆዳ ሥር ደም ሲመላለስ ያያል። ጣጣው፣ ጠረጴዛ ላይ ቢጥሉትም፣ በሸሚዝ እጅጌ ላይ ቢያስሩትም ያየ የመሰለውን እየቆጠረ የሚጽፍ አለ። የወንበር ልብ ደህና እንደሚመታ የሚመሰክር በዐይኔ ዐይቻለሁ። የባለቤቴ ግን ገላ መንካቱን ሳያረጋግጥ ትንፍሽ አይልም። «ካልነካ ዝም ይበል፤ በውሸት ቁጥር ሰው ይሞታል» ትላለች። እኔ በሚስቴ መኩራቴን ደብቄ አላውቅም፤ እዚህ ላይ ከአማቴ ጋር እንስማማለን።

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን እማማ ደረጃ ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ብዙም ሳይቆይ ገበያ መሀል ደገማቸው። ሐኪሙ ልባቸው አልፎ አልፎ ቀጥ እንደሚል ጠረጠረ፤ እሱ ፊት ሲቀርብ ግን ያ ልብ እንደ አዲስ ሙሽራ ጭምት ሆኖ ይቀመጣል። «ቀጥ ሲል ካልያዝኩት ማከም አልችልም። ሳልይዘው ከቀደመኝ ደግሞ…» አለ። አንድ ሳምንት የባለቤቴን መሣሪያ እጃቸው ላይ አስረው እንዲከርሙ፣ ቁጥሩም በቀጥታ ክሊኒኩ እንዲደርስ ተስማማን።

በማግስቱ የክሊኒኩ ነርስ ደወለች።

«እማማ፣ መሣሪያውን አላሰሩትም።»

«አስሬዋለሁ እንጂ፣ የኔ እመቤት። ስተኛም አላወልቀው።»

ነርሷ ነጋ ጠባ ትደውላለች፤ እማማ አስሬዋለሁ ይላሉ፤ መሣሪያው ገላ አልነካሁም ይላል። በመጨረሻ ሐኪሙ ራሱ ለባለቤቴ ደወለ። «ወይ እናትዎ አያስሩትም፣ ወይ መሣሪያችሁ አይሠራም። ሌላ ዓይነት ላስመጣ ነው፤ ግን ጊዜ የለንም» አላት።

ባለቤቴ ኩም አለች። «ያረጀ ቆዳ ደረቅ ነው» አለችኝ። «ገላዋን ገላ አይደለም ብሎት ይሆናል። የሰውን ሁሉ እናት ለይቶ የኔን እናት ካላወቃት፣ ታዲያ ምኑን ሠራሁት?» አንጀቴን በላችው።

እማማ ይህን ሲሰሙ የተቆጡት ለልባቸው አይደለም። «የኔ ልጅ ሥራ ነው የማይሠራው?» ብለው ክሊኒኩ ድረስ ደውለው ነርሷን አፋጠጧት። እኛም ያን ዕለት ተነሥተን ቤታቸው ሄድን። ሻይ ሊቀዱልን እጃቸውን ዘርጋ ሲያደርጉ ከእጅጌያቸው ሥር አንድ ነገር ኮሽ አለ። ያቺን ኮሽታ የእሳቸው አማች ሆኖ የኖረ ሰው በእንቅልፍ ልቡም ይለያታል።

«እማማ፣ እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።»

«ምን ሊያደርግልህ?» ብለው እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ።

ባለቤቴ እጃቸውን ይዛ መሣሪያውን ፈታችው። ከሥሩ ያቺ ከፋብሪካ የወጣች ስስ ላስቲክ እንዳለች አለች። እንዳትላቀቅ ደግሞ ዳር ዳሯን በፕላስተር አጠናክረዋታል።

«ምነው እማዬ? ለምን?»

«አንቺ የሠራሽው ነዋ» አሉ ዐይናቸውን መሬት ላይ ጥለው። «ያን ሁሉ ዘመን ዐይንሽ የቀላበትን ሥራ የኔ ላብ ያበላሸው? ለጎረቤቱ ሁሉ እያሳየሁት እኮ ነው።»

ሚስቴ ትስቅ ጀመር፤ ወዲያው እንባዋ መጣ። «እማዬ፣ እኔ እኮ የሠራሁት ገላሽን እንዲነካ ነው።»

እማማ ብዙ አሰቡ። ኋላ እጃቸውን ዘረጉላትና «እንግዲያው አንቺው ላጪው፤ የኔ እጅ እሺ አይለኝም» አሉ። ላስቲኳ ተላጠች፣ መሣሪያው ታሰረ፣ አረንጓዴው ብርሃን ቦግ አለ። ነርሷ ደውላ «መጣልን» አለች።

ሳምንቱ ሳያልቅ፣ እማማ ወንበር ላይ ተቀምጠው አተር ሲፈለፍሉ፣ መሣሪያው ልባቸው ቀጥ ያለበትን ቅጽበት ይዞ ላከው። ሐኪሙ ልብ ሲዘነጋ የሚያስታውስ ትንሽ መሣሪያ ደረታቸው ውስጥ እንዲገባ ወሰነ። ለባለቤቴም እንዲህ አላት፤ «ላስቲኩን ቆዳ ነው ብሎ ቁጥር ቢልክልኝ ኖሮ፣ ደህና ነዎት ብዬ እሸኛቸው ነበር።» ሚስቴ ያን ቀን ቤት እስክንገባ አረማመዷ ሌላ ነበር።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ሆስፒታል ስንደርስ የእጃቸው መሣሪያ ይውለቅ ተባለ። ባለቤቴ ከሐኪሙ ጋር እያወራች ስለነበር እማማ ግራ ቀኙን ዐይተው፣ ሌላ ሰው ሲጠፋ ለእኔ ሰጡኝ። «ያዝ፤ እንዳትጥለው» አሉኝ። ከኪስ ይልቅ እጅ ይሻላል ብዬ በራሴ እጅ አሰርኩት። እሳቸው ቀዶ ጥገና ክፍል ገቡና በሩ ተዘጋ። እኔና ሚስቴ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘን ተቀመጥን፤ ጭንቀቷን ዐይቼ ላስቃት ቀልድ ደረደርኩ።

«አንተ ደግሞ ምንም አይመስልህም?» አለችኝ ከፍቷት።

ይሄኔ ስልኳ ጮኸ። የክሊኒኩ ነርስ ነች። «የእናትዎ ልብ በደቂቃ መቶ ሠላሳ እየመታ ነው፤ የት ነው ያሉት?» ትላለች። ሚስቴ ብድግ አለች፤ የተዘጋውን በር ዐየች፤ ከዚያ ዞር ብላ የእኔን እጅ ዐየች።

«ያንተ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ተበላሽቶ ይሆናል» አልኩ።

«ገላ ነክቷል። ገላ ከነካ አይሳሳትም።»

እጄን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

እማማ በደህና ወጡ። ገና ዐይናቸውን ከመግለጣቸው፣ አፏን ልይዛት ሳልችል፣ ሚስቴ ሁሉንም ዘከዘከችላቸው።

«ስንት ደረሰ አልሽኝ?»

«መቶ ሠላሳ።»

እማማ አጠገባቸው ወደተኙት ሴትዮ አንገታቸውን መለስ አደረጉ። «ሰማሽ እህቴ? አማቼ ነው። ስለ እኔ ልቡ መቶ ሠላሳ መታ» አሉ። «ልጄ የሠራችው ዕቃ ነው ያለው፤ አይዋሽም።»