ያለ ገመድ የታሰርኩ ዕለት

እናንተዬ፣ በጃንሆይ ጊዜ «በሕግ አምላክ!» ተብሎ የማይቆም እግር ነበር እንዴ? አቶ ዘውዴ የሚባሉ የጥጥ እርሻ ዘበኛ ይህችን ቃል እንደ ጨው በየነገሩ ይነሰንሷት ነበር።

አንድ ቀን ከእጮኛዬ ከዘይነባ ጋር ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ድሬዳዋ በባቡር ልንሳፈር ስንል፣ እሷ ቀድማ ገባች፤ እኔ በግፊያው የአቶ ዘውዴን ትከሻ ነካሁ።

«በሕግ አምላክ! ፖሊስ ጠርቼ እስክመጣ ከዚህች ንቅንቅ እንዳትል!» ብለውኝ ሄዱ።

ገመድ የለ፣ በር የለ፤ እኔ ግን እንደ ችካል ተተክያለሁ። ባቡሩ ጮኸ። ዘይነባ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ና እንጂ! ማን ያዘህ?» አለችኝ።

«ሕግ» አልኳት።

ባቡሩ ይዟት ሄደ። አቶ ዘውዴ ፖሊሱን ረስተው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ተመለሱና «አንተ፣ አሁንም እዚህ ነህ?» አሉኝ። ተከትያት ብሄድ ዘይነባ «ለዘበኛ የሚገተር ባል አልፈልግም» ብላ መለሰችኝ።

ኋላ አንድ ጠበቃ ይህ ሕገወጥ እስር እንደሚባል ነገረኝ። ግድግዳ አያስፈልገውም አለኝ፤ ሥልጣን የሌለው ሰው አስፈራርቶ ካስቆመህ ይበቃል። ካሳም አለው። ዘይነባን የሚያክል ካሳ ከየት ይመጣል?

ዛሬም ባቡር በመጣ ቁጥር እዚያችው ቦታ ሄጄ እቆማለሁ። መጥታ «ማን ያዘህ?» ብትለኝ፣ «አንቺ» እላት ነበር።